ምዕራፍ ስድስት፦ ቆዳዎ እንዴት ይድናል?

ከደንበጫ ተነሥቶ በጅጋ አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በገበያ ቀን የቆመ ሰው አንድ ነገር ማየቱ አይቀርም። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች አንገታቸው ዙሪያውን ተነቅሷል፤ ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ፤ ሲስቁ ደግሞ የጠቆረው ውቅራት ብቅ ይላል። እነሱ ንቅሳታቸውን አያፍሩበትም፤ በጊዜው ጌጥ ነበር፣ ዛሬም ጌጣቸው ነው። ከአጠገባቸው ግን ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሳቡ ወጣት ሴቶች አሉ። ልጅ ሳሉ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የተነቀሱትን እየሸፈኑ ነው። በጎጃም ገጠር ስለ ውበት ሕክምና ሲወራ ከአፍንጫ ማስተካከልም ከቦርጭ ማስቀነስም በፊት የሚነሣው ጥያቄ የእነዚህ ሴቶች ጥያቄ ነው፦ ንቅሳት በምን ይጠፋል?

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ራሳቸው ያልመረጡትን ነገር ከፊታቸው ላይ ማንሣት መፈለግ ከንቱ ውዳሴ አይደለም። ነገር ግን ቆዳን በሚመለከት ሁላችንም የምንጠይቀው «ምን ያጠፋልኛል?» ብለን ነው፤ ንቅሳትም ይሁን ማዲያት፣ ጠባሳም ይሁን ብጉር። መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከዚያ በኋላ ቆዳዬ እንዴት ይድናል?» ማጥፋቱ የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መዳኑ ግን ወራት ይወስዳል፤ ተበላሽቶ ከዳነም ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

ነቃሿ ጥላሸቱን ለውሳ በእሾህ ወይም በመርፌ ጫፍ ደጋግማ ስትወጋ ቀለሙ ስሱን የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ወፍራም ሽፋን ይገባል። የላይኛው ሽፋን በአንድ ወር ገደማ እየተራገፈ ይታደሳል፤ የታችኛው እንዲያ አይራገፍም። እዚያ ያሉት የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት የጥላሸቱን ቅንጣት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ስለማይችሉ ግን ይዘውት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት ቅንጣቱን ይለቀዋል፤ አዲስ የመጣው ሕዋስ ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። በልጅነት የተነቀሰ አንገት በሰባ ዓመትም መስመሩን ይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከላይ ተቀብቶ፣ ቆዳውን ሳያቃጥል ንቅሳት የሚያጠፋ ቅባት የለም። በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ የባትሪ ውኃው፣ በጨው እስኪደማ ማሸቱ፣ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ቀለሙ ያለበትን ሥጋ አብረው ያቃጥላሉ ወይም ይልጣሉ። «ለእኔ ጠፍቶልኛል» የሚሉ አሉ፤ አልዋሹም፣ ቀለሙ ሄዷል። በቦታው የቀረውን ግን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። መሐሉ ነጥቷል፣ ዳሩ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነካ ከቆዳው ከፍ ብሎ ይሻክራል፣ በሙቀት ጊዜ ያሳክካል። መስቀሉም አልጠፋም፤ መስቀል የሚመስል ጠባሳ ሆኗል። ንቅሳቱን ነጠላ ይሸፍነው ነበር፤ አንገት ላይ የተኮማተረ ጠባሳ ግን ጭንቅላት ማዞር ሊከለክል ይችላል።

ዛሬ የተሻለው መንገድ ሌዘር ነው። ለንቅሳት የሚሆነው ሌዘር በሴኮንድ ቢሊዮንኛ በሚለካ ጊዜ የሚተኮስ ብርሃን ነው፤ የቀለሙን ቅንጣት ይሰባብራል፣ ስባሪውንም ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ለእኛ ቆዳ ወሳኙ የጨረሩ ዓይነት ነው። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ራሱ ብርሃን ስለሚስብ፣ ያልተስማማ ጨረር ንቅሳቱን ትቶ ቆዳውን ያቃጥላል ወይም ለምጽ የሚመስል ነጭ ቦታ ጥሎ ይሄዳል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የተባለው፣ 1,064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ነው፤ ወደ ጥልቅ ይገባል፣ በሜላኒንም ብዙ አይያዝም። ደስ የሚለው፣ የጎጃም ንቅሳት ጥላሸት መሆኑ ነው፤ ጥቁር ቀለም ለዚህ ጨረር ከሁሉም ቀለም ይልቅ ይበገራል። በአንድ ቀን ግን አያልቅም። በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስ ይጠይቃል፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ይህ ከሕክምናው ዋጋ በላይ የሚከብድ ወጪ ሊሆን ይችላል። «በአንድ ቀን አጠፋልሻለሁ» የሚልዎትን ሰው አይመኑት። ፀጉር ለማንሣት የተሠራ መሣሪያም ለንቅሳት አይሆንም፤ «ሌዘር አለን» የሚለው ማስታወቂያ ምን ሌዘር እንደሆነ አይነግርዎትም፤ እርስዎ ይጠይቁ። ሠራተኛው የጨረሩን ዓይነት መናገር ካልቻለ ነጠላዎን ይዘው ይውጡ።

ከሌዘሩ በፊት ግን የራስዎን ገላ ይመርምሩ። የተበሳው ጆሮዎ፣ የልጅነት ክትባትዎ፣ በወሊድ ጊዜ የተሰፋው ሆድዎ እንዴት ዳነ? ጠባሳው ጠፍጣፋ ከሆነ መልካም ነው። አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ካደገ ግን ኬሎይድ የሚባለው የመዳን ዓይነት አለብዎት። ኬሎይድ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበረታል፣ በዘርም ይወረሳል፤ የጆሮ ጫፍ፣ አገጭ፣ አንገት፣ ደረትና ትከሻ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ንቅሳታችን ያለውም በብዛት እዚያው ነው። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መጣል ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የባሰ ያመጣዋል፤ በመርፌ ከሚሰጥ ስቴሮይድ ወይም ከሌላ ሕክምና ጋር መቀናጀት አለበት። በምላጭ አስወግዳለሁ የሚል ሰው ጆሮዎን እንዲነካ አይፍቀዱ።

ከንቅሳት ይልቅ ብዙ ፊት ያበላሸው ግን ክሬም ነው። ነገሩ ሲጀምር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማዲያት ይወጣል፤ ጎረቤት አንዲት ቱቦ ታበድራለች፤ በሳምንት ውስጥ ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ያበራል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ወጥመዱም ያ ነው። እንዲህ ፈጥኖ የሚሠራው ክሬም አብዛኛውን ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ ነው። መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሐኪም ለተወሰነ የቆዳ ሕመም፣ ለተወሰነ ቦታና ቀን ያዝዘዋል። ለፊት ግን በወራት አጠቃቀም ቆዳውን ያሳሳል፤ ደም ሥሮች ከውጭ ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ በሴት ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል። ጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ መቅላቱንና ማሳከኩን ያጠፋል፣ ጭርቱ ግን ከሥር መስፋፋቱን ይቀጥላል።

ማቆም ደግሞ የራሱ መከራ አለው። ክሬሙ በቀረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይነድዳል፤ ተጠቃሚዋም «ያለሱ አልሆንም» ብላ ትመለሳለች። በዚህ ውስጥ ያለች እህት ካለች፣ ያ ንዳድ ክሬሙ ያመጣው እንጂ ክሬሙ የሚያድነው በሽታ እንዳልሆነ ትወቀው። ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ቀስ በቀስ የሚቀነስበት መንገድ አለ፤ ቆዳም በወራት ውስጥ ብዙውን ያገግማል።

ማቅያ ተብለው የሚሸጡት ሌሎቹስ? ሃይድሮኩዊኖን በሐኪም ክትትል ለማዲያት ያገለግላል፤ ለዓመታት በራስ ፈቃድ ከተቀባ ግን ሊያነጣው የታሰበውን ጉንጭ ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል። ይህ ጉዳት በደቡብ አፍሪካ ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመዝግቦ፣ አገሪቱ በ1990 ሃይድሮኩዊኖንን ከመዋቢያ ምርቶች አግዳለች። ሜርኩሪ ያለበት ሳሙናና ክሬም ከሁሉም ይከፋል፤ በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል፣ በእርግዝና ጊዜም ለጽንሱ ይተርፋል። በሱቅ ሲገዙ ቱቦውን ገልብጠው ያንብቡ። የውስጡ ዝርዝር ከሌለበት፣ ወይም «ካሎሜል» የሚል የሜርኩሪ ስም ካለበት፣ መልሰው ያስቀምጡት። በብልቃጥ ተቀላቅሎ ስም ሳይጻፍበት የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ራሱ ምን እንዳለበት አያውቅም። ሎሚ ፊት ላይ ጨምቆ ፀሐይ መውጣትም ጉዳት አለው፤ ጭማቂው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቆስላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

የዕለት እንክብካቤው ብዙ ነገር አያሻውም። ለስላሳ ሳሙና፣ ገላ ሳይደርቅ የሚቀባ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን፣ ባርኔጣና ጃንጥላ። የደጋ ፀሐይ ቀዝቃዛ ይምሰል እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር ጎጂው ጨረር በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ማዲያትን ከክሬም በላይ የሚያባብሰው እሱ ነው። ፊታችንን ስናስብ እግራችንን እንረሳለን። በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ከ51 ሺህ በላይ ሰዎችን የዳሰሰ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶዎቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከቀይ አፈር የሚመጣ ነው፤ በባዶ እግር ካልሄዱ፣ በየቀኑ በሳሙና ከታጠቡና ቅባት ከቀቡ መከላከል ይቻላል። የእግሩን እብጠት ቀዶ ማስቀነስም መፍትሔ ተደርጎ አይታይም፤ ሰውየው ጫማ ካላደረገ ይመለሳል።

ቀዶ ጥገና ቆዳን በእውነት የሚክስበት ቦታ ግን አለ፤ ስለሱ ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። ምድጃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን፣ በሚጥል በሽታ ምክንያት እሳት ላይ የተገኘች ልጅ፣ ቁስላቸው ሲድን ጣት ከመዳፍ፣ አገጭ ከደረት ይጣበቃል። ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ ይተወዋል። ይህ የሚፈታ ነው፤ ጠባሳው ይለቀቃል፣ ከጭን ቆዳ ተወስዶ ይተከላል፣ እጅም እንደገና እንጀራ ይቆርሳል። አዲስ አበባ ያለው የየካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከጅጋ የሚነሣ ሰው ግን ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሪፈር ይጀምር። ቃጠሎ በደረሰበት ሰዓት ደግሞ ለሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ አይቅቡ፤ ውኃው ብቻውን የቃጠሎውን ጥልቀት ይቀንሳል።

ለውበት ብቻ የሚደረገውን ቀዶ ጥገና አልነቅፍም፤ ገላው የባለቤቱ ነው። ነገር ግን ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄደው ከሆድ ስብ አውጥተው ዳሌ ለመሙላት የሚያስቡ እህቶች አንድ ነገር ይወቁ። ስቡ በስሕተት ወደ ትልልቆቹ የዳሌ ደም ሥሮች ከገባ ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድላል፤ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከሦስት ሺህ አንድ ሰው ሊሞት እንደሚችል ገምተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ አሠራራቸውን እንዲያሻሽሉ ተደርጓል። ሐኪምዎን «ስቡን ጡንቻ ውስጥ ነው ወይስ ከቆዳ ሥር የሚያስገቡት?» ብለው ይጠይቁ፤ ትክክለኛው ከቆዳ ሥር ነው። ሲሊኮን በመርፌ የሚሞላ ሰው ካገኙ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልግ፤ ትተውት ይሂዱ።

ቀጥሎ ሐኪሙ በእርስዎ ዓይነት ቆዳ ላይ የሠራውን ከዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። በሳምንቱ የተነሣ ፎቶ ስፌቱን እንጂ መዳኑን አያሳይም፤ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው የሚነሣው። ሰመመኑን የሚሰጠው ማን ነው? ደም ቢፈስስ ወደየትኛው ሆስፒታል ይወስዱኛል? የተባለው ዋጋ፣ ሥራው ቢበላሽ የሚደረገውን ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል? በእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ ሐኪም ከሆነ ቢላዋውንም አይያዝልዎት።

የክፍለ ሀገር ሰው ደግሞ አንድ ይጨምር፦ አገሬ ስገባ ቁስሉን ማን ያይልኛል? ከቀዶ ጥገና የሚመጣ አንዳንድ ኢንፌክሽን ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ ያኔ እርስዎ አዲስ አበባ ወይም ኢስታንቡል አይደሉም፣ ጅጋ ነዎት። ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት የተሠራው ሥራ ስም፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በውስጥ የቀረ ነገር ካለ ዓይነቱ፣ ስፌቱ የሚፈታበት ቀንና የሐኪሙ ስልክ ተጽፎ ይሰጥዎት። ያ ወረቀት ከሌለ የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ምን እንደተሠራብዎት ከጠባሳው ለመገመት ይገደዳል።