ቁልፍ ከመግዛታችን በፊት እናንብብ

የማኅበራችንን ኮምፒዩተር የሚያሠራው ፕሮግራም ዊንዶውስ ይባላል። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 በነጻ እናሳድገዋለን።

ታዲያ አዲስ ፈቃድ ልንገዛ ነው? አይደለም። የቤታችንን ሣር አንሥተን ቆርቆሮ ብናለብሰው የይዞታ ደብተራችን ያው ነው። ዊንዶውስ 10 ፈቃድ ከነበረው፣ ፈቃዱ በዚያው ኮምፒዩተር ተመዝግቧል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይጸድቃል። ማዘርቦርድ የሚባለው ዋናው ክፍል ከተለወጠ ግን ፈቃዱ ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ “ቁልፍ ግዙ” ቢለን አንቸኩል። መጀመሪያ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ቀጥሎ አክቲቬሽን የሚለውን ከፍተን እናንብብ። “አክቲቭ” ካለ ፈቃዱ አለን፤ የማኅበራችን ገንዘብም በሣጥኑ ይቀራል።