የባለቤት ልደትና የቦሌ ምግብ ቤቶች ሒሳብ

እንደሚታወቀው ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ያጣራል፤ የዕቃውን ዓይነት፣ እጁ እስኪገባ የሚያወጣውን ጠቅላላ ወጪና የሚረከብበትን ቀን። ይኸው ነጋዴ የባለቤቱን ልደት ለማክበር ምግብ ቤት ሲመርጥ ግን አንዱንም ሳያጣራ፣ ከደላላና ከደንበኛ ጋር ወደሚገናኝበት ወደ ለመደው ቤት ያመራል። ግብዣው ሳይጋመስ አንድ የሥራ ወዳጅ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ልደቱም የንግድ ስብሰባ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ሥራዎን ከሚሠሩበት ቤት መራቅ ነው።

ቀጥሎ የሚገዛውን ነገር መለየት ይገባል። ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የሚገኘው ዮድ አቢሲኒያ ማታ ማታ የብሔረሰቦችን ሙዚቃና ጭፈራ ያቀርባል። ከውጭ አገር ዘመድ ለመጣበት ወይም ቤተሰቡን ሁሉ ለሚጋብዝ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ሁለት ሰዎች ተረጋግተው ሊጫወቱ ከፈለጉ ግን ከመድረክ የራቀ ቤት ይሻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 ዓ.ም. በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የከፈተው ስካይላይት ሆቴል ለምሳሌ የቻይና ምግብ ቤት ጭምር አለው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ግን ትልልቅ ሆቴሎች ሠርግ ስለሚበዛባቸው፣ በዚያ ምሽት አዳራሹ ተይዞ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠቅላላ ወጪው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የተለመደ ነው። ሁለቱም በምግብ ዝርዝሩ ዋጋ ውስጥ ካልተካተቱ፣ 1,000 ብር የተባለው ምግብ ከነአገልግሎቱ 1,100 ብር፣ በዚያ ላይ 165 ብር ታክስ ተጨምሮ 1,265 ብር ይደርሳል። የ6,000 ብር ግብዣ 7,590 ብር ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱን በባለቤት ፊት ኪስ እየዳበሱ ከማወቅ በስልክ ጠይቆ ማወቁ ይመረጣል።

የወይን ጠጅም ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ይህም ከውጭ በሚገባ ጠርሙስ ዋጋ ላይ የሚያርፍ ነው። የዝዋይ ወይን የሚያቀርብ ቤት ወጪውን ሊያቀልልዎት ይችላል።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ቢውልና ባለቤትዎ ጿሚ ቢሆኑ፣ ቤቱ ከሽሮና ከአትክልት ያለፈ የጾም ምግብ እንዳለው ይጠይቁ፤ አለዚያ ግብዣውን ጾም ወዳልሆነ ቀን ያዛውሩ። ጠረጴዛ ሲያስይዙም «ማታ 2 ሰዓት» ያሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያረጋግጡ።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት አንዱን በመምረጥ የሚታጣው ነገር «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ይባላል። በዚህ ምሽት ትልቁ ወጪ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ ለገበያ የተሰጠ፣ ለቤት ያልተረፈ ጊዜ ነው። ቢቻል ስልኩን መኪና ውስጥ ትተው ይግቡ።