ፊርማህ አማና ነው፦ ስለ ዋስትና የጁሙዓ ማስታወሻ



ፒያሳ ላይ ሱቅ ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ጎረቤትህ ብድር ሊወስድ ወይም ዕቃ በዱቤ ሊያወጣ ነው። "ለፎርማሊቲ ነው፣ ፈርምልኝ" ይልሃል። ይሉኝታ ይይዝህና ሳታነብ ትፈርማለህ። ንግዱ ሲከስር እሱ ስልኩን ያጠፋል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያው ላንተ ይደርሳል። "ምስክር የሆንኩ መስሎኝ ነው" ብትል ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ዋስ" ነው።

ዋስትና በሸሪዓችን ከፋላ ይባላል። የተፈቀደና አጅር ያለው መረዳዳት ነው። በሱረቱ ዩሱፍ 72ኛ አንቀጽ የንጉሡን መስፈሪያ ለሚያመጣ የግመል ጭነት እንደሚሰጠው ሲታወጅ፣ አዋጅ ነጋሪው ለሽልማቱ ራሱን ዋስ አድርጓል። ነገር ግን ባዶ ቃል አይደለም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዋስ የሆነ ሰው ከፋይ መሆኑን አስተምረዋል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ የሁለት ዲናር ዕዳ ባለበት ሟች ላይ ነቢዩ ሳይሰግዱ ሊመለሱ ሲሉ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) "እኔ እከፍላለሁ" አሉና ተሰገደበት። በማግስቱ ነቢዩ ስለ ሁለቱ ዲናሮች ጠየቋቸው። ሟቹ እፎይ ያለው አቡ ቀታዳ ቃል ሲገቡ ሳይሆን ሲከፍሉ መሆኑን ነገሯቸው።

አበዳሪ ማንን ይጠይቅ? አብዛኞቹ ዑለማዎች ከሁለቱ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል ይላሉ። በማሊኪ መዝሀብ በታወቀው አቋም ግን ባለዕዳው ካለና መክፈል ከቻለ ወደ ዋሱ አይኬድም።

የአገራችን የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግም ተመሳሳይ ልዩነት አለው። ተራ ዋስ ከሆንክ መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግ ማለት ትችላለህ። ከባለዕዳው ጋር "በአንድነትና በነጠላ" ብለህ ከፈረምክ ግን በአንቀጽ 1933 መሠረት አበዳሪው እሱን ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተን ሊከስህ ይችላል። ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህች አጭር ሐረግ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት፦

1. አንብብ። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 1922 መሠረትም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። ባዶ ቦታ ባለው ወረቀት ላይ አትፈርም።

2. ባለቤትህን አማክር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ቢኖረውም፣ የልጆችህ ቤት ከሚስትህ ተደብቆ መያዣ መሆኑ ከአማና አይቆጠርም።

3. ብድሩ ወለድ ያለበት ከሆነ ራቅ። የሪባን ውል የጻፈውና የመሰከረው ከተወገዘ፣ ዋስ የሆነውም በኃጢአት ከመተባበር አይድንም።

4. መክፈል የማትችለውን አትፈርም። "አልችልም" ማለት ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል፤ ወዳጅነትን ግን ከፍርድ ቤት ያድናል።

ዋስ ተጠርቶልህ የተበደርክ ወንድሜ ሆይ፣ ስልክህን አታጥፋ! መክፈል እየቻሉ ማዘግየት ግፍ ነው። ካቃተህ ዋስህ መጥሪያ ከመቀበሉ በፊት ቀርበህ ንገረው። እሱ ከከፈለልህም ዕዳህ አልተሰረዘም፤ አሁን ባለገንዘቡ እሱ ነው።

አበዳሪ ከሆንክም የአል-በቀራን 280ኛ አንቀጽ አስታውስ፤ ለተቸገረ ጊዜ መስጠት ታዘናል፣ መማር ደግሞ ይበልጣል።

ያ አላህ፣ ከዕዳ ጭንቀት ጠብቀን፤ ለቃላችን ታማኞች አድርገን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።