ላፕቶፕ ይዘው ለሚጓዙ የአሰላና የአርሲ መንገደኞች የተሰጠ ማሳሰቢያ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚህ መንገድ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩ የፈተና ውጤቱን፣ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪው የስንዴ ሙከራውን መዝገብ በላፕቶፕ ይዞ ይመላለሳል። ዕቃው ውድ ቢሆንም ገንዘብ ሲገኝ ይተካል፤ የዓመታት የመስክ መረጃ ግን ገበያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ለሥራው እናስብ።

ከመነሳትዎ በፊት

1. ሥራዎን በፍላሽ ወይም በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ቅጂውን ግን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዙ፤ ቦርሳው ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ኢንተርኔት ሲያገኙ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት።

2. የላፕቶፑን መለያ ቁጥርና የግዢ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ለቤተሰብ ይላኩ። ለፖሊስ «ጥቁር ላፕቶፕ ነው» ብሎ ማመልከት ንብረትዎን ከሌላው አይለይም።

3. በፓስዎርድ ብቻ አይተማመኑ። ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተገጠመ ፋይልዎ ሊነበብ ይችላል። የሰው ምስጢር የያዙ፣ በተለይ የታካሚ መረጃ ያላቸው፣ ቢትሎከርን የመሰለ መቆለፊያ ይጠቀሙ። የመክፈቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ እሱ ከጠፋ ባለቤቱም መክፈት አይችልም።

4. ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ይዘው አይጓዙ፤ የሊትየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ሊቀጣጠል ይችላል።

በመንገድ ላይ

5. ላፕቶፑን ፖርቶመጋላ ላይ ከጆንያና ከሻንጣ ጋር አያስጭኑ። ረዳቱ ቦታ የለም ቢልዎ እንኳ በትሕትና አስረድተው ጭንዎ ላይ ይያዙት።

6. ክዳኑን ከድኖ ቦርሳ ውስጥ መክተት ማጥፋት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ካልጠፋ ታፍኖ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል።

7. አዳማ መናኸሪያ መኪና ሲቀይሩ ቦርሳውን መሬት አያስቀምጡ፤ ለማያውቁት ሰውም «አንዴ ያዝልኝ» አይበሉ። ከባጃጅ ሲወርዱ መቀመጫውን ዞር ብለው ይመልከቱ።

8. ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ፌስታል አይውጡ። የአርሲ ዝናብ ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም፤ የቦርሳ ጨርቅም ውሃ ያሳልፋል።

ደጋ ሲደርሱ

9. ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ወዲያውኑ አያብሩት። የቀዘቀዘው አካል ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቦርሳው ውስጥ ይቆይ።

10. ከፍታውን ያስቡ። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከዲስኩ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ሥራ ላይ እያሉ ከ3,000 ሜትር ገደማ እንዳያልፉ አምራቾቹ ይመክራሉ። አሰላ ከ2,400፣ በቆጂም ከ2,800 ሜትር ብዙ ስለማይርቁ አያሰጉም። ጭላሎ ተራራ ወይም በባሌ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ለሥራ የሚወጡ ግን ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ይያዙ፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም።

11. መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል እስኪረጋጋ ይጠብቁ።

ከጠፋብዎ

12. አስገድዶ የሚቀማ ሰው ካጋጠመዎ አይታገሉ፤ ሕይወት አይተካም።

13. ወዲያው በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይልዎን ፓስዎርድ ይቀይሩ፤ ሌሎቹ አካውንቶች የሚከፈቱት ብዙ ጊዜ በእሱ በኩል ነው። ከዚያም ለባንክዎ ያሳውቁ፣ መለያ ቁጥሩን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።

ለሁላችንም

14. ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ተረስቶ የተገኘ ቦርሳ ለመናኸሪያው ኃላፊ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ። ውስጡ የአንድ ተማሪ የዓመታት ድካም ሊኖር ይችላል።

15. ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ደረሰኝና የሻጩን መታወቂያ እንጠይቅ፤ ጥገና ቤቶችም እንዲሁ ያድርጉ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ገዢ ባጣ ቁጥር መናኸሪያ ውስጥ በሰው ቦርሳ ላይ የሚያደባ ሰውም ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ፖሊስ ሳንጠብቅ በእጃችን ያለ ሥራ ነው።