ለመኖሪያ ግቢ የሚሆኑ ዛፎችና አበቦች አመራረጥ



ክረምቱ ሲቃረብ ሁላችንም ችግኝ ፍለጋ እንወጣለን። ብዙውን ጊዜ የምንመርጠው ታዲያ በዓይናችን ነው። አበባው የደመቀውን፣ ቁመቱ ደህና የሆነውን አንስተን ወደ ቤት እንሄዳለን። ያው ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቱን ሲያጨልም፣ ግድግዳውን ሲገፋ፣ ወይም ገና በመጀመሪያው ውርጭ ከስሎ ሲቀር እናያለን። ከዚህም የባሰ አለ፤ ለጌጥ የተተከለው ተክል ሕፃን ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ከችግኙ በፊት ግቢውን ማወቅ ነው።

1. ግቢያችንን እንወቅ

ሀ. ብርዱን፦ ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በደጋና በወይና ደጋ ድንበር ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጭጭ ባለበት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል እየወረደ ረባዳው ላይ ይተኛል። በአንድ ሰፈር ታች ያለው ግቢ ተመትቶ ላይኛው የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጃካራንዳና ቡገንቪሊያ ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ በተለይ በለጋነታቸው ውርጭ አይችሉም። አዲስ አበባ ላይ አምረው ስላየናቸው ብቻ እዚህም ያምራሉ ማለት አይደለም።

ለ. አፈሩን፦ ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል። ጥቁሩ መረሬ ግን በክረምት ያብጣል፣ ውሃም ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለመፈተን አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ እንሙላበት። ውሃው በማግሥቱም ካልሰረገ ተክሉን ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

ሐ. ፀሐዩን፦ በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ቅጠሉን የማያራግፍ ረጅም ዛፍ በቤቱ ደቡብ ወይም ምሥራቅ ከተተከለ የጧት ሙቀታችንን ይወስድብናል። ለረጃጅሞቹ የሰሜኑና የምዕራቡ ወገን ይሻላል።

2. ዛፉ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ማገዶ በማለቁ ንጉሠ ነገሥቱ ከሆለታ በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ዋና ከተማቸውን ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደረሰና ችግሩን አቃለለ። ውለታው ትልቅ ነው፤ ግን ከ40 ሜትር በላይ የሚመዘዝና ውሃ በብዛት የሚጠጣ ዛፍ ለ200 ካሬ ሜትር ግቢ አይሆንም። ቦታው ከመንደር ውጭ ነው።

ጥድና ዝግባም ቢሆኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እንደምናያቸው ግዙፍ ናቸው። ከመትከላችን በፊት ሄደን ያረጀውን ዛፍ ቀና ብለን እንየው፤ የምንተክለው እሱን ነውና። እኛ የምንመክረው ዛፉ በመጨረሻ ሊደርስበት ከሚችለው ቁመት ግማሽ ያህል ከግድግዳ እንዲርቅ ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ደግሞ ከቁጥቋጦ በቀር ምንም አንትከል።

3. ለሆለታ የሚስማሙ

ወይራ (በኦሮምኛ ኤጀርሳ)፦ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ድርቅንም ይችላል። ለአነስተኛ ግቢ አንድ ይበቃል።

ኮሶ (ሄጦ)፦ ለሰፊ ግቢ። ሴቴና ወንዴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴው ነው።

ኮርች (ዋሌንሱ)፦ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል። እሾህ ስላለው ለአጥር ደህና ነው።

አምጃ (ጋራምባ)፦ ቢጫ አበባ ያለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው፤ ብርድ አይበግረውም።

ቀጋ፦ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅል ጽጌረዳ ናት። ነጭ አበባዋ መዓዛ አለው፤ ፍሬዋ ይበላል፤ እሾኋ አጥር ይሆናል።

የፈረንጅ ጽጌረዳ፦ በከተማችን ዙሪያ ባሉት እርሻዎች የምናየው ከዝናብና ከውርጭ በፕላስቲክ ቤት ተከልሎ ነው። ያንኑ ዓይነት ደጅ ብንተክለው በክረምት ቅጠሉ በበሽታ ይረግፋል። ከጎረቤት ግቢ ብዙ ክረምት ያለፈበትን ለምኖ መቁረጥ ይበልጣል።

4. እንጠንቀቅ!

ጉሎ ቅጠሉ ያምራል፤ ፍሬው ግን ሰው ይገድላል። ዕፀ ፋርስ (አስተናግር) እና እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠል ትልልቅ አበባ ያለው ዘመዱ ሁለንተናቸው መርዝ ነው። ኦሊያንደርም እንዲሁ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ይጎዳል። የወፍ ቆሎ ከብት ይመርዛል፤ በወፍ እየተዘራም ከአጥር አልፎ ይዛመታል። ሕፃናት ባሉበት ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት እነዚህ ቦታ የላቸውም።

ሕፃን ከነዚህ አንዱን ቢበላ ለማስመለስ አንታገል፤ የተክሉን ቅርንጫፍ ይዘን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። ወተቱ ዓይን ቢገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበን እንዲሁ እናድርግ። አስተማሪ ሆነን ስንወጣ የሃምሳና የስልሳ ልጅ አደራ እጃችን ላይ ነውና ይህን ማወቅ እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ብቻ አይደለም።

5. አተካከል

ጉድጓዱን በግንቦት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን የላዩንና የታቹን አፈር ለየብቻ እናስቀምጥ። ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲርስ ፕላስቲኩን ቀደን እንጣል፤ አንዳንዱ ሰው ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋል! የላዩን አፈር አስቀድመን በሥሩ ዙሪያ እንመልስ፤ ግንዱን ግን አንቅበረው። ከፍየል እንጠብቀው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለጋውን ማታ ማታ በሣር እንሸፍነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ ካላጣ ከዚያ ወዲያ ራሱን ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በግቢያችሁ ውርጭ የሚተኛበት ቦታ የት ነው? ለምን?
2. የ1 ሜትር በትር ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ሰዓት የአንድ ዝግባ ጥላ 12 ሜትር ሆነ። የዝግባው ቁመት ስንት ነው? በምክራችን መሠረትስ ከግድግዳ ምን ያህል መራቅ አለበት?
3. በምታስተምሩበት ትምህርት ቤት ግቢ ከተራ ቁጥር 4 ተክሎች አንዱን ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ለተማሪዎቻችሁስ እንዴት ታስረዳላችሁ?