ጓደኞቹ ለቀናቸው ጊታር ተጫዋች

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ እነሱ አውሮፓ ሊዞሩ ነው፣ እኛ እዚሁ ቀረን» ብለህ አንገትህን ስትደፋ፣ እናትህ ፊት መልስ ልሰጥህ አልፈለግሁም። በየሆቴሉ ቤዝ ጊታር ስመታ ያየሁትን እነሆ።

1. ደስ ይበልህ። ከልብህ ባይመጣ እንኳ ሂድና እንኳን ደስ አላችሁ በል። የአንዱ ባንድ መቅናት ለሌላውም እንጀራ ነው፤ ባለ ሆቴል ባንድ መቅጠር እንደሚያዋጣ የሚያምነው የጎረቤቱ አዳራሽ ሲሞላ ሲያይ ነው።

2. ድምፃቸውን አትቅዳ። በደርግ ጊዜ የእኛ ራስ ምታት ሮሃ ባንድ ነበር። ከአይቤክስ የወጣ ባንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ካጀበው። በካሴቱ ዘመን ድምፃዊው ሁሉ «ሮሃ ካላጀበኝ» ይል ጀመር፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝና የሰላም ስዩም ጊታር የሁሉም መለኪያ ሆነ። እኛ ደግሞ ማታ ማታ ቴፑን ከበን እንቀመጣለን። አንዲት የጊታር ሐረግ ለመያዝ ስናመላልሰው የካሴቱ ክር ይጠመጠማል፤ አውጥተን በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥነውና እንደገና። በሁለት ወር ልቅም አድርገን ቀዳነው። አንድ ሆቴል ለፈተና ተጫወትን። ሥራ አስኪያጁ እግሩን እያወዛወዘ ሰማንና «ጥሩ ነው፤ ግን ሮሃን ከፈለግሁ ሮሃን እቀጥራለሁ» አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ደረጃውን ስንወርድ ነው። ከእነሱ መውሰድ የነበረብን ሌላ ነገር ነበር፦ ድምፃዊው ሲተነፍስ ዝም ማለትን። ለእሱ ጆሮ አልሰጠንም።

3. መሣሪያህ የራስህ ይሁን። በዚያ ዘመን ጊታሩም፣ ድራሙም፣ አምፕሊፋየሩም የባለ ቤቱ ነው። ከተጣላህ ኮትህን አንጠልጥለህ ውልቅ። ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ስለያዘ በውል ተደራድሮ ይሠራ ነበር። ድፍረታቸውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዘፋኝ የሌለበት «ቼ በለው» የተባለ ሸክላ አወጡ። ባንድ ማለት አጃቢ ማለት በሆነበት አገር! (እኔማ «ዘፋኙ የት ሄደ?» ብዬ ስቄባቸዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።) እዚያ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ አማርኛ የማይሰሙ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል።

4. ሳይሄዱ ጠይቃቸው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ገሚሱ እዚያው ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ በሰዓት እላፊ ምክንያት ከእንግዳው ጋር ተቆልፎብን እስኪነጋ የተጫወትንበትን ሌሊት እኔም አልረሳሁትም። ግን ሙዚቀኛ ሲሄድ የሚጎድለው መድረኩ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ቆሞ እጁን እያየ የሚማር ልጅ ነበር። ከቀሩት አንዱ፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ ተራ እስኪደርሰው መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ሥራው ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው፤ እሰየው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ግን እዚህ ያለው ኪቦርዲስት ጣቱን አላየም። ስለዚህ ጓደኞችህን ቪዛቸው ሳይመታ አንድ ከሰዓት ለምናቸው። ስለ ዝናቸው አትጠይቅ። ውል ሲፈርሙ የትኛውን መስመር እንዳስለወጡ፣ ልምምድ ላይ የሚያረፍደውን ምን እንደሚያደርጉት፣ ሂሳቡን ማን እንደሚይዝ ጠይቅ።

5. ድራመርህን ቢወስዱብህ አትቀየም። ይወስዱታል።

6. ቅዳሜ ጊታርህን ይዘህ ቤት ና። አምፕሊፋየሬ ጉርር ይላል እንጂ ይሠራል። የእነሱን ዘፈን ግን እንዳታመጣብኝ።