በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሴትነት ስውር አገላለጽ፦ ሥራ፣ ዛርና አነጋገር እንደ መጠለያ

መግቢያ

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ወንድ ሆኖ የተወለደ ሰው ሴትነትን በጠባዩ፣ በሥራው ወይም በአለባበሱ መግለጹ ከውጭ የገባ አዲስ ነገር ነው የሚል አስተያየት ይደመጣል። የጽሑፍ መረጃው ይህን አይደግፍም። ከስድሳ ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የደጋው ማኅበረሰብ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያውቅ ነበር፤ ስምም ነበረው፤ ጠባብ ቢሆንም ቦታ ይሰጣቸው ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ይህ ቦታ ምን ዓይነት እንደነበረና ዛሬ ስለምን እንደ ጠበበ ነው። “ተለዋዋጭ ፆታ” የሚለው ሐረግ እዚህ የሚያገለግለው ራሱን አንዳንድ ጊዜ እንደ ወንድ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሴት የሚያውቅን ሰው ለማመልከት ነው። ሐረጉ የዘመናችን ስለሆነ የቀድሞ ሰዎችን በዚህ ስም መጥራት አግባብ አይሆንም። ሆኖም እነርሱ የኖሩበትን ሁኔታ መረዳት፣ ዛሬ በማይደግፍ አካባቢ ሴትነቱን በጥንቃቄ የሚገልጽ ሰው ያለበትን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል።

የጽሑፉ መከራከሪያ በሁለት ቃላት ልዩነት ላይ ይቆማል፤ መሸሸግና መጠለል። የተሸሸገ ምልክት ማንም እንዳያየው የተደበቀ ነው፤ በጫማ በተሸፈነ እግር ላይ እንዳለ እንሶስላ ማለት ነው። የተጠለለ ምልክት ግን ሁሉም የሚያየው፣ ነገር ግን ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው አንድ ቀን ሊገለጥ ይችላል፤ ሁለተኛው የሚጸናው ጎረቤት በሚሰጠው ንባብ ነው። ጎንደርን በተመለከተ ከተጻፉት መረጃዎች ሦስት መጠለያዎችን መለየት ይቻላል፤ ሥራ፣ ዛርና አነጋገር።

ሥራ

የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ሳይመን መሲንግ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጎንደር አካባቢ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደጋው አማራ የዶክትሬት ጥናቱን ለፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። በዚያ ጥናት ውስጥ “ወንድም ሴትም” በሚል ትርጉም ስለሚጠሩ ወንዶች አጭር ዘገባ ይገኛል። ከመዘገበው ስያሜ ጋር የሚቀራረበው የዛሬው ቃል “ወንዳገረድ” ነው፤ ይህ ቃል ግን አሁን ወንድ ወንድ ለምትል ሴትም፣ የሁለቱም ፆታ አካል አለው ለሚባል ሰውም ይነገራል።

በመሲንግ ዘገባ መሠረት እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከገበሬ ሚስቶች ጋር በሥራ ይተጋገዛሉ፤ ሴቶቹም እንደ ወንድም ያዩአቸዋል። ባሎች በዚህ ቅርበት አይቀኑም። በአካላቸው ጉድለት እንዳለባቸው ይታመናል፤ የእግዚአብሔር ስሕተት ተደርገውም ይቆጠራሉ። ቶሎ የሚከፉና በወዳጅነታቸው መራጭ እንደሆኑም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ስቲቨን መሪና ዊል ሮስኮ ስለ አፍሪካ ባሳተሙት መድብል ይህን ዘገባ መልሰው አንስተውታል።

ዘገባው አጭር ቢሆንም ሁለት ቁም ነገሮችን ይዟል። አንደኛው፣ ሴትነት የሚገለጠው በቃል ሳይሆን በሥራ መሆኑ ነው። በደጋው የሥራ ክፍፍል ማረስና ሽመና የወንድ ናቸው፤ ጥጥ ማባዘትና መፍተል፣ ውሃ መቅዳት፣ መፍጨት፣ እንጀራ መጋገር የሴት ናቸው። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጦ የሚሠራ ወንድ ምንም ሳይናገር ብዙ ተናግሯል። ጎረቤትም ያየውን “ጠባዩ ነው” ብሎ አልፎታል። ሁለተኛው፣ መጠለያው ዋጋ ያስከፍል እንደነበር ነው። የቦታው ኪራይ ብቸኝነት ነበር፤ ትዳር የለም፣ ልጅ የለም፤ “ስሕተት” መባልንም መቀበል ያሻል። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን እንደ መቻቻል ዘመን ማቅረብ መረጃውን ከሚሸከመው በላይ መጫን ይሆናል።

ሥራ ዛሬም መጠለያ ሊሆን ይችላል። በገበያ ቦታ በእግር መኪና የሴት ቀሚስ የሚሰፋ፣ ጥለት የሚመርጥ፣ ጥልፍ የሚያወጣ ወንድ ቀኑን ሙሉ የሴት ልብስ በእጁ ይዞ ይውላል፤ የልብስ ስፌት ሙያ የወንድም ስለሆነ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። በቤተ ክርስቲያንም ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋግሩት ወንዶች ናቸው። አንድ ዓይነት ሥራ በቤት የሴት፣ በቤተ ልሔም የወንድ መሆኑ፣ ትርጉሙ ከእጅ እንቅስቃሴው ሳይሆን ከቦታው እንደሚመጣ ያሳያል።

የዛር ቤት

ሁለተኛው መጠለያ ዛር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር መጥቶ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አያሁ የተባሉትን የዛር ባለሙያ ቤት ለወራት ተመላልሶ አጥንቷል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጎንደር የዛር ልማድና ትያትራዊ ገጽታው ባሳተመው መጽሐፍ አቅርቧል።

በዛር ልማድ የተያዘው ሰው የመንፈሱ “ፈረስ” ይባላል። መንፈሱ የራሱ ስም፣ ፆታ፣ ማዕረግና ጠባይ አለው፤ የሚወደውን ልብስ፣ ሽቶና ጌጥ ይጠይቃል። የፈረሱ ፆታ ከጋላቢው ጋር አንድ መሆን የለበትም። ለምሳሌ በመልካም አያሁ ላይ ይወርዳሉ ከሚባሉት መካከል አባ ዮሴፍ የተባለው ወንድና መንፈሳዊ ዛር፣ ራሄሎ የተባለችው ሴት ዛርም ይገኙበታል። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ውስጥ አንዴ እንደ አባት ትመርቃለች፣ አንዴ እንደ ወይዘሮ ትሽኮረመማለች። ሌሪስ ይህን ሰው እንደየጊዜው የሚያወልቀውና የሚለብሰው የባሕርይ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል አድርጎ አይቶታል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር የኃላፊነት አቀማመጥ ነው። በዛር ቤት ሴታዊ ጌጥ የሚጠይቀው ሰውየው አይደለም፤ መንፈሱ ነው። ጎረቤት ያየውን ነገር “ዛሩ ነው” ብሎ ያነበዋል፤ ከሥርዓቱ በኋላም ሰውየው ወደ ዕለታዊ ስሙ ይመለሳል። መሲንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ቤት እንደ ቡድን ሕክምናና በማኅበረሰቡ ዝቅ ያለ ቦታ ላላቸው ሰዎች ክብር ማግኛ አድርጎ ተርጉሞታል። ሆኖም ይህም መጠለያ ዋጋ አለው። ቤተ ክርስቲያን ልማዱን ታወግዛለች፤ ገላጩም የራሱን ስሜት የራሱ አድርጎ ሊናገር አይችልም፤ እንደ በሽታ ወይም እንደ ባዕድ ኃይል መቁጠር ይጠበቅበታል።

አነጋገር

ሦስተኛው መጠለያ በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ይገኛል። አማርኛ “አንተ ሂድ” እና “አንቺ ሂጂ” ብሎ ፆታን በግልጽ ይለያል። ነገር ግን ሁሉንም ቦታ አይለይም። “እኔ መጣሁ” ወይም “ደከመኝ” የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። በአክብሮት “አንቱ” ወይም “እርስዎ” ሲባል፣ ስለ ሦስተኛ ሰውም “እሳቸው መጡ” ሲባል ፆታ ይጠፋል። እንደ ጽጌና ደስታ ያሉ ስሞችም ለወንድም ለሴትም ይወጣሉ።

ከዚህ በላይ፣ አንስታይ ጾታ በአማርኛ የፍቅርና የማሳነስ መግለጫ ነው። ትንሽ ቤት “ቤቷ” ትባላለች። እናት ሕፃን ወንድ ልጇን “አንቺ” ብላ ስታቆላምጥ፣ ሴት ልጇንም በወንድ አነጋገር ስትጠራ መስማት የተለመደ ነው። በእኩዮች መካከልም በጨዋታ ይነገራል። በዚህ የጨዋታ ቦታ ውስጥ “አንቺ” ተብሎ መጠራት ደስ የሚያሰኘው ወንድ፣ ደስታውን ሳያስረዳ ሊቀበለው ይችላል። ድንበሩ ግን ስስ ነው፤ ያው “አንቺ” በጠብ ጊዜ ለጎልማሳ ወንድ ሲነገር ስድብ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙን የሚወስነው የተናጋሪው ፊትና የሰሚው ብዛት ነው።

የልብስ ንባብና ያልተካከለው ፍርድ

ደጋው ልብስን የሚያነብ ማኅበረሰብ ነው። መሲንግ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ሸማ አለባበስ ባሳተመው ጽሑፍ ሸማ ያለ ቃል የሚነገር ቋንቋ መሆኑን አሳይቷል። ለበላይ ማደግደግ፣ ለቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ማጣፋት፣ በኀዘን ጥለቱን ወደ ፊት ማዞር፤ እያንዳንዱ ትርጉም አለው። እንዲህ ባለ አካባቢ ትንሽ የመሰለች ለውጥ ትልቅ ንግግር ልትሆን ትችላለች። ለጥንቃቄ የሚመቹት ሁለቱም ፆታ የሚጋሩአቸው ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ብርድ ሲጸና ጋቢን እስከ ራስ መከናነብ ማንንም አያስደንቅም፤ ከጋቢው በታች ያለውን የመቀመጥና የመራመድ ለዛም ይሸፍናል።

ምልክቶቹ ቋሚ አይደሉም። ዛሬ የሴት ጌጥ የሚባለው ሹሩባ ለዓፄ ቴዎድሮስና ለዘመናቸው ጦረኞች የጀግንነት ምልክት ነበር። ቋሚ የሚመስለው ይልቅ ፍርዱ ነው። ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድን፣ ወንድ የሴትን ልብስ እንዳይለብስ በእኩል ይከለክላል። ሆኖም ስንክሳር በወንድ ልብስ መንኩሰው የኖሩትን ማሪናንና የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያን በቅድስና ያነሣል። በዕለት ንግግርም ለሴት “ወንድ ናት” ማለት ምስጋና ነው፤ ለወንድ “ሴታሴት” ማለት ግን ውርደት ነው። ስለዚህ ወደ ወንድነት የሚሻገር እንደ ወጣ፣ ወደ ሴትነት የሚሻገር እንደ ወረደ ይቆጠራል። ሴትነቱን የሚገልጽ ወንድ የሚቀጣው ድንበር በማለፉ ብቻ ሳይሆን፣ ማኅበረሰቡ ዝቅ አድርጎ ወደሚያየው ወገን በመሄዱ ነው። ጉዳዩ ከሴቶች ክብር ጥያቄ ተለይቶ ሊታይ የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጠለያዎቹ ሲጠቡ

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ጠባይ፣ ስለ ሙያ ወይም ስለ አለባበስ አይደለም። በአደባባይ ንግግር ግን ሁለቱ ተቀላቅለዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በሚባሉ ሆቴሎችና መሰል ቦታዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ባስታወቀበት ወቅት፣ በማኅበራዊ መገናኛ የሰዎች አረማመድ፣ ድምፅና አለባበስ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ታይቷል።

ለውጡ እዚህ ላይ ነው። በመሲንግ ዘመን ከሴቶች ጋር የሚፈትል ወንድ ሲታይ ንባቡ “ጠባዩ ነው” የሚል ነበር፤ ባሎች ያልቀኑትም ምልክቱን ከአልጋ ጋር ስላላገናኙት ነው። ዛሬ ያው ምልክት የድርጊት ምስክር ሆኖ ይነበባል። ስም የሌለው ነገር ስም ሲያገኝ ለአንዳንዱ ራሱን የሚያውቅበት ቃል ይሆነዋል፤ ለጎረቤት ግን መወንጀያ ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሣ ሰው ከመጠለል ወደ መሸሸግ ይገፋል፤ የተዘጋ ክፍል፣ የተቆለፈ ስልክ፣ የሚጠፋ ፎቶግራፍ። መሸሸግ ሰውን ከሚያውቁት ሁሉ ይለያል፤ ሲገለጥም ከቤት መባረርን፣ ዱላን፣ ያለ ፈቃድ ወደ ጠበል መወሰድን ወይም ጥድፊያ ጋብቻን ሊያስከትል ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት መረጃዎች የሚያሳዩት፣ በጎንደር ደጋ የሴትነት ስውር አገላለጽ የቆየው ሰዎች በደንብ ስለተደበቁ ብቻ ሳይሆን፣ ጎረቤቶቻቸው የሚያዩትን ነገር በቀላል ቃል ማለፍ ስለቻሉ መሆኑን ነው። ስለዚህ የጥንቃቄው ሸክም በገላጩ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ዘመድ የወንድ ልጁን የእጅ ጥበብ “ሙያ ነው” ብሎ ሲተው፣ መምህር ተማሪውን በአክብሮት ሲጠራ፣ የሠፈር ሽማግሌ “ለምን አላገባም” የሚለውን ጥያቄ ሳያነሣ ሲቀር፣ አንድ መጠለያ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህ ሙሉ ነጻነት አይደለም፤ የቀድሞዎቹም አልነበረም። ግን ቤትና ዘመድ ሳያጡ መኖርን ይፈቅዳል።

ለተመራማሪዎችም አንድ ግዴታ ይከተላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የመስክ ጥናት የሚያደርግ ሰው የቀበሌን ስም፣ የሙያ መለያን ወይም ፎቶግራፍን በመጥቀስ ብቻ የአንድን ሰው መጠለያ ሊያፈርስ ይችላል። መሲንግ የጠቀሳቸው ሰዎች ስማቸውም ሠፈራቸውም በእጃችን ባለው ዘገባ የለም። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ጉድለት ቢመስልም፣ ለእነርሱ ግን ጥበቃ ነበር።